ዘሀራ፣ ልጅሽን የጅኒቱ ልጅ ብለው አባረሩት

እናንተ እዚህ ሳዑዲ ያላችሁ የጂዛን ወሎዬዎች፣ ይሄን ስልካችሁ ላይ ስታዩ እንዳታልፉት። የምጽፈው ለሟች ሚስቴ ነው፤ እናንተም ስሙ።

ዘሀራዬ፣ ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። የወሰደሽ ወባ ነው፤ ሰዉ ግን ዛሬም ሌላ ያወራል። እኔ አሁንም የአሠሪዬ የከፊሌ ማንጎ እርሻ ላይ ነኝ። እዚህ ይውሉ የነበሩትን ፍየሎቹን ወደ አር-ሪስ ተራራ ወስዷቸዋል፤ ኸላስ፣ አለቀ፣ ደጃችን ጭር ብሏል።

ልጃችን ሀያት ስትወድቅ አታለቅስም፤ መጀመሪያ ፊቴን ታያለች። ከየት እንደለመደችው አውቃለሁ። ሰዒድን ከወለድሽ በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሽ ስትውዪ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብላ አሁን ታናግረኛለች እያለች ትጠብቅ ነበር። ሰዒድ ደግሞ ልጅ ሲጠጋው ይናከሳል። የሚያጫውተው አጥቶ ያደገ ልጅ ጨዋታ ከየት ያምጣ?

ያቺ የመናዊት ዶክተር ነግራን ነበር። የወሊድ ድብርት ነው፣ ይታከማል፣ ልጆቹን አታርቁባት አለች። የኛዎቹ ግን እኔ ሥራ በዋልኩበት፣ ጅን ይዟታል ብለው ለዱዓ ወዳጃ ተቀመጡ። በዱዓው ጠብ የለኝም፣ እኔም አሚን እላለሁ። ግን ጅኑ ወደ ልጆቹ እንዳይዘል ብለው ከጉያሽ ነጥቀው ሰው ቤት ወሰዷቸው። ሄጄ አመጣኋቸው። ሰዒድ ከዚያ ወዲያ ነው መናከስ የጀመረው።

ሹቀይቅ ባሕር ዳር የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? ሰዒድ አሸዋ ጎርሶ ፊቱን ሲያጨማድድ ሳቅሽ። ሀያት የማታውቃቸው ልጆች ጋ ሮጣ "እማዬ ሳቀች!" አለቻቸው። ያን ቀን ከነሱ ጋር ስትቦርቅ ዋለች። አንድ ሳቅሽ ይሄን ያህል ነበር።

አሁን ከሥራ ስገባ አጫውታቸዋለሁ። ሰዒድ ኳስ ማቀበል ጀምሯል። በቀደም ከእህቱ ጋር ቁርአን እንዲቀራ ወሰድኩት። ኡስታዙ ሰው ሁሉ እየሰማ "ይሄ የጅኒቱ ልጅ አይደለም? የሰው ልጅ ያበላሽብኛል፣ ያላ፣ ውሰደው!" አለኝ። ሀያት ቁርአኗን ዘግታ ተከትላን ወጣች። ከዚያ ወዲህ እሷም አልሄድ ብላለች።

አልረሳሽም፣ የኔ ዓለም። እናታችሁ ታማ ነበር እንጂ አልጠላቻችሁም እያልኩ አሳድጋቸዋለሁ።

ኡስታዝ፣ አንቱንም ልጠይቅዎ። ያባረሩት በሰው ፊት ነው፤ መልሱንም በሰው ፊት ይስጡኝ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ ጀመዓው ሳይበተን፣ ሁለቱንም ይዣቸው እቆማለሁ። እናቱ ታመመች ተብሎ የአራት ዓመት ልጅ ከልጆች መሀል ይባረራል? ይባረራል ካሉ፣ ሀያት እየሰማችዎ ይበሉ።