ሁለት ጣት ያጠረው ጉርድ

ውድ አባባ፣

ስልክ ጆሮዬ ላይ ስለዘጉብኝ ነው የምጽፍልዎት። ትናንት ብቻ ሦስት ጊዜ! «ሐኪም ቤት» የሚለውን ቃል ሳልጨርስ ጠርቀም። እሺ፣ ወረቀት አይዘጋም። ዓይንዎ ፊደሉን ስለሚደርብብዎት ልጅዎ ያነብልዎታል። ባሌ ቢሆንም እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ቃል ከተናገረ የሚደክመው ሰው ነው፤ እርስዎን ተከራክሮ አያሸንፍም። ስለዚህ የኔን አፍ ይዞ መጥቷል። ስድቡን ሳትዘል አንብብ ብዬዋለሁ። በር ላይ መኪና ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ደብዳቤው ሲያልቅ ጫማዎን ያደርጋሉ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በታክሲዬ ከገበያ ስንመለስ «ቀበቶውን ይሰሩ» ስልዎት «አንገቴን ይከረክረኛል» አሉኝ፤ እኔም ተውኩዎት። ሌላ ተሳፋሪ ቢሆን እኮ አስወርደው ነበር! ከጎናችን ያ የጭነት መኪና መንገድ ዘጋብኝ። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እስከ ሰባት ቤቱ ስወርድበት፣ ፊቴ የቆመችውን ነጭ መኪና አላየኋትም። ድው! ጭንቅላትዎ ከጎን መስታወቱ ጋር ሲላተም ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ አባባ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? «ደህና ነዎት?» ብዬ፣ መልሱን ሳልጠብቅ በሩን ወርውሬ ወረድኩ።

ያ በኢንሹራንሱ ወረቀት ጀርባ ያለው፣ «አደጋ ሲደርስ» የሚለው ጽሑፍ በቃሌ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ለስንቱ ጎረምሳ ሾፌር ሰብኬዋለሁ። መኪናህን አቁም፣ የተጎዳ ሰው ካለ እይ፣ ትራፊክ ጥራ፣ ፎቶ አንሳ፣ ታርጋ ጻፍ፣ ምንም ባያምህም ሄደህ ታይ። እኔ ግን ፎቶ አነሳሁ፣ የተሰበረውን መብራት ከአራት አቅጣጫ። ታርጋ ጻፍኩ። ከዚያ ከነጯ መኪና ሾፌር ጋር አርባ ደቂቃ ሙሉ ጭቅጭቅ።

«ቆሜ እያለሁ እኮ ነው የገጨሽኝ!»

«ማን ቁም አለህ?»

«መብራቱ ነዋ!»

ይህን እንኳን ስሰማ አላፈርኩም። አንቀጽ ጠቀስኩ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ትራፊኩ ሳይቀር ሳቀ። ሁሉን አደረግኩ፤ ሰው ማየት ብቻ ቀረኝ።

ትራፊኩ ወደ እርስዎ ጎንበስ ብሎ «አባት፣ የተጎዱት ነገር አለ?» ሲልዎት፣ «እኔ? ምንም አልሆንኩም። ይልቅ ልጅቷን አታመላልሷት፣ ሥራ አላት» አሉት። «የተጎዳ ሰው የለም» ብሎ ጻፈ። እኔም እሰይ አልኩ። እሰይ! አሁን ሳስበው ፊቴን የት ልክተተው?

በአራተኛው ቀን «ትልቋ ልጄ ናፈቀችኝ» ብለው ብድግ አሉና ቤቷ ሄዱ። ከመሄድዎ በፊት የሚጣን የዩኒፎርም ጉርድ አሳጥረው፣ አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡላት። ትናንት ትምህርት ቤት ተከፈተና ለበሰችው።

«እማዬ፣ አያቴ ጉርዴን አጣሞታል።»

«ዝም በይ! አያትሽ ሃምሳ ዓመት ሲሰፋ አጣሞ አያውቅም። አንቺ ነሽ የተጣመምሽው፤ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ቀጥ ብላ ቆመች። አዞርኳት። አስወልቄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና በራስዎ ሜትር ለካሁት። በግራ በኩል ሁለት ጣት ያጥራል። ስፌቱም እንደ ሰካራም እግር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። አባባ፣ እርስዎ እኮ ወሬ እያወሩ፣ ሳያዩ ክር በመርፌ የሚያስገቡ ሰው ነዎት! ጉርዱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ሚጣ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትል ስልኬን አነሳሁ።

ትልቋ ጋ ደወልኩ። ገና «እንዴት ናቸው?» ስላት ማልቀስ ጀመረች። ብርጭቆ ከግራ እጅዎ እንደሚያመልጥ፣ ራስዎን ጠዋት ጠዋት እንደሚያምዎት፣ አንዱን ሁለት አድርገው እንደሚያዩ ነገረችኝ። «ለሷ ትንፍሽ እንዳትይ። ሰው ተጎዳ ከተባለ መንጃ ፈቃዷን ይነጥቋታል፤ ያቺ ልጅ ያለ መሪ ምን ትሆናለች?» እንዳሏትም ነገረችኝ።

አይ እርስዎ! ማን ጠበቃ ይሁኑልኝ አለዎት? በዚህ ቤት ጠበቃ የምባለው እኔ አይደለሁም? ስሙን ያወጡልኝ ራስዎ!

ሰፈራችን ክሊኒክ ያለችውን ነርስ ጠየቅኳት። «ትልቅ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ውስጥ ለውስጥ ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላም ይመጣል። ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም፤ የጭንቅላት ፎቶ ይነሱ» አለችኝ። ሊታከም እንደሚችልም ነግራኛለች፤ ቶሎ ከተደረሰበት። ሐኪሙ ሲጠይቅዎት «ምንም አልሆንኩም» የሚባል ነገር የለም። መመታትዎን፣ ቀኑን፣ ብርጭቆውን፣ ጉርዱን፣ ሁሉን ይንገሩት።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ትራፊክ ቢሮ ሄድኩ። ያው ትራፊክ ነበር።

«ደግሞ ምን አንቀጽ አመጣሽ?»

«አንቀጽ የለኝም። ሰው ተጎድቷል። ቃሌን አስተካክልልኝ።»

«ሴትዮ፣ በገዛ እግርሽ መጥተሽ ነው ራስሽን የምትከሺው? ፈቃድሽ እዚህ ይቀራል እኮ።»

«ይቅር» አልኩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ስለዚህ አባባ፣ የሚደብቁልኝ ነገር አልቋል። ፈቃዱ ትራፊኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጉዳዩ እስኪታይ አልነዳም። ዛሬም ቢሮው ስለቀጠረኝ ነው ልጅዎን የላክሁት። የደበቁበት ምክንያት ከሌለ መደበቅ ምን ይሠራል?

አንድ ነገር ልናዘዝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ እያልኩ ስንቱን አደንቁሬያለሁ። ውሸት ነው። የመንጃ ፈቃድ መጽሐፉን ጮክ ብዬ ሳነብ እርስዎ የስፌት መኪናዎን ያቆሙ ነበር፣ እንዲሰማዎት። የደንበኛ ሱሪ እያስቸኮለዎት! አንድ ገጽ ስጨርስ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» ይሉኛል። ከናቴ ቤት እስከ ትምህርት ቤት አፍሽን ዝጊ ተብዬ ነው ያደግኩት። ቀጥሎስ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን አንድ ቀን እነግርዎታለሁ እያልኩ፣ ይኸው፣ ስንት ዓመት ሌላ ሌላውን ስለፈልፍ ኖርኩ።

ጉርዱን አልፈታሁትም። ጎረቤቷ ልስፋው ብትል እጇን ልቆርጠው ነበር። ሚጣ እንደተጣመመ ለብሳው ሄዳለች፤ የሳቀባትን ልጅ «አያቴ ነው የሰፋው፣ ድኖ ሲመጣ ያስተካክለዋል» አለችው አሉ። አፏ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ድነው መጥተው በገዛ እጅዎ ይፈቱታል።

በሉ ይነሱ። ጫማዎን ልጅዎ ያስርልዎት፤ ግራ እጅዎን አያስቸግሩት። መኪና ውስጥ ደግሞ ቀበቶ! አንገቴን ይከረክረኛል ብሎ ነገር የለም።

ያን ቀን ጠይቄዎት መልሱን ሳልሰማ የሄድኩትን ጥያቄ አሁን እደግመዋለሁ። ደህና ነዎት ወይ፣ አባባ? እውነቱን ይንገሩኝ። የትም አልሄድም፤ አፌን ዘግቼ እየጠበቅኩ ነው።

ጠበቃዎ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለችው