ካሜራውን ወደ ዋንዛው አዞርኩት

መርሳ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀብሪል
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ጌታ። ናፍቆቴ ቀድሞ ይድረስህ፤ ቁጣዬ ከኋላው ይከተል። ስልክ ሳለ ወረቀት ምን ያደርጋል እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ አታስጨርሰኝም። ይህን ግን የጎረቤታችን የዙልፋ እህት ይዛልህ ስለምትመጣ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እኔ ደህና ነኝ፤ አልሃምዱሊላህ። ክረምቱ ጥሩ ነበር፤ የሐብሩ ማሽላ ከሰው ቁመት አልፏል። የጓሮው ፓፓያም አፍርቶ ነበር፤ ግማሹን ጦጣዎቹ ወሰዱት።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ካለፈው ረመዳን በፊት ካሜራ ልከህ ከጣሪያው ሥር ወደ ጓሮው አስተከልክ። ሌባ እንዳይገባብኝ ብለህ ነበር። ጅዳ ሆነህ በስልክህ እንደምታየኝ ሲነግሩኝ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ልብስ ሳሰጣ ቀና እያልኩ እጄን አወዛውዝልህ ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ደወልክና፣ «እማ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ጓሮሽ የሚቀመጠው ሰውዬ ማነው? አብረሽው ስትስቂ አየሁሽ» አልከኝ። መልሴን ሳትሰማ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም።

አዎ፣ ስቄያለሁ።

ሰውዬው አያ ናስር ናቸው፤ ከአጥሩ ጀርባ ያሉት፣ ድሮ የደሴና የወልዲያን አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት። ልጅ ሳለህ ውርጌሳ ላይ አውቶቡሱን አቁመው ብስኩት ይገዙልህ ነበር። ሚስታቸው አሚና ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀን ውዱእ ሊያደርጉ ኮፍያቸውን አጥሩ ላይ ሲያኖሩ ጦጣ መንትፋ የኛ ዋንዛ ላይ ወጣች። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «እመት ዓቢዳ! ሌባዋ እናንተ ግቢ ናት!» ብለው ጮኹ።

«እንግዲያው ይግቡና ይያዟት!» አልኳቸው።

ገቡ። ጦጣዋ ኮፍያውን ራሷ ላይ ደፍታ ቁልቁል ታየናለች። አያ ናስር ራሰ በራቸውን እየዳበሱ፣ «ተይው፤ ከኔ ይልቅ እሷ ላይ ያምራል» አሉ። ያኔ ነው የሳቅኩት። አባትህን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ወፎቹንም ያየናቸው ያን ጊዜ ቀና ስንል ነው። ስማቸውን አላውቅም፤ ግራጫ ናቸው፣ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልመም ያለ። እንስቷ የዋንዛው ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ መርጋዋለች። የቀረው ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ነው። ወንዱ ፌንጣና የዛፍ ፍሬ እያመጣ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። እሱን ነው ተቀምጠን የምናየው። የግቢው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ዙልፋም ደፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ካሜራህ ደፉን አያሳይም፤ የሚያሳየው የምንቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር ነው። አንተ በግማሽ ጓሮ ፈረድክ።

ፈርደህም አልበቃህ፣ አጎትህን ኢስሐቅን ከግራና ከተማ ላክህብኝ። ሳይቀመጡ በትራቸውን መሬት ላይ መቱና፣ «የወንድሜ ቤት ወንድ የሚያስገባው ማነው?» አሉ። አያ ናስር ሊነሱ ሲሉ፣ «ይቀመጡ» አልኳቸው። ወደ አጎትህ ዞሬ፣ «ቤት የገባ የለም፤ ያለነው ጓሮ ነው። እርስዎም ይቀመጡና ይዩ» አልኩ።

«ምኑን?»

ወንዱ ወፍ መጣ። ፌንጣውን በስንጥቁ አቀበለ። አጎትህ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ውስጥ ማን አለ?»

«ሚስቱ።»

«ማን ዘጋባት?»

«ራሷ ናት የዘጋችው። ሲበቃት ራሷ ሰብራ ትወጣለች።»

«አሁን አንቺ በወፍ ልትመክሪኝ ነው?»

«እኔ ምን መከርኩ? የጠየቁኝን መለስኩ እንጂ።»

እስከ መግሪብ ከአግዳሚው አልተነሱም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆመው፣ «ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። «ሰው ለቅሶው ሲያበቃ ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን የኖርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። በትራቸውን ተመርኩዘው ሄዱ።

አንተ ደግሞ ይህን ስማ። አባትህ ሲሞት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርክ። ሽማግሌ የላኩብኝን ሁሉ የመለስኩት አንተን ለማሳደግ ነው። ወድጄ ያደረግኩት ነውና ውለታ አላስቆጥርህም። አሁን የማደርገውንም ወድጄ ነው። በመጪው ጁምዓ ከአያ ናስር ጋር ኒካሕ እናስራለን። ወንድሜ ጁነይድ ሐሙስ ከሲሪንቃ ይገባል፤ የሚድረኝ ወሊዬ እሱ ነው። ካንተ የምፈልገው ዱዓህን ነው፤ ፈቃድህን አልጠየቅኩም። ቤቱ የአባትህ ቤት ነው፤ ክፍልህም እንደተውከው ነው፤ ማንም አይተኛበትም።

ካሜራውን ትናንት አዞርኩት። መሰላሉ ላይ የወጣሁት ራሴ ነኝ፤ የያዙልኝ አያ ናስር ናቸው። አልሰበርኩትም፣ ሽቦውንም አልነቀልኩም። አሁን የሚያሳይህ ዋንዛውን ነው፤ ቀዳዳው መሐል ላይ ይታይሃል። ስለ እኔ ማወቅ የምትሻውን ጠይቀኝ፤ አንዱንም አልደብቅህም። ከጣሪያ ሥር ሆነህ ግን ከእንግዲህ አትጠብቀኝም።

ወፏ ሰሞኑን ጭቃውን ከውስጥ መቀጥቀጥ ጀምራለች። መቼ እንደምትወጣ ማናችንም አናውቅም። እኔ ገበያ ሄጄ ወይም ሶላት ላይ ሆኜ ከወጣች ከኔ ቀድመህ የምታያት አንተ ነህ። ያን ጊዜ ደውልልኝ። ስለ ሌላው ምንም ባታነሳ፣ «እማ፣ ወጣች» ብቻ ብትለኝ ይበቃኛል።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ እጅህ የነካውን ሁሉ ያሳምርልህ።

እናትህ ዓቢዳ