ከቀኝ ወደ ግራ

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

መብራት እስከ አምስት ሰዓት ጠፋ። የምሠራበት ባነር ቤት ባለቤት ጋሽ ብሩ ፕሪንተሩ ፊት ቆሞ አፈጠጠበት፣ በዓይኑ ሊያስነሳው ይመስል። መብራቱ ሲመጣ ሦስት ባነር ተከታትሎ ወጣ። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የብርቅዬ ፀጉር ቤት።

ባነር የሚሰቅለው ሚካኤል ታሞ ቀርቷል። "ሰሎሜ፣ አንቺ ቀላል ነሽ፣ የብርቅዬን ውጪና ስቀይው" አለኝ ጋሽ ብሩ። እያካፋ ነበር። መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። አዲሱን ለመስቀል የድሮውን ታፔላ ማውረድ አለብኝ… የማን ሥራ እንደሆነ ከመውጣቴ በፊትም አውቃለሁ። ሹሩባ የተሠራች ሴት፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ዓይኗ ወደ መንገዱ። ከታች ጥግ ላይ "ተረፈ አርት"። አባ ሲስላት ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቀለም ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

አወረድኳት። ብርቅዬ "ጣያት በቃ" አለች። አልጣልኳትም። ይዣት ተመልሼ ከባነር ጥቅሎቹ ጀርባ አቆምኳት።

ለአባ አልነገርኩትም። ባነር ከመጣ ወዲህ ሥራው ቆሞ ብሩሽ ከነካ ሁለት ዓመት አለፈው። ልጁ ደግሞ ባነር ቤት ተቀጠረች። አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ጨምሬ ምን ልሁን?

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

የምከታተለው አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ነው፣ "ሃያ ገጽ" ክፍል አሥር ወጣ። ራት እስኪቀርብ በረንዳ ላይ በስልኬ ከፈትኩት። አባ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠና አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዬ ነቅሎ ወሰደ። ቋንቋው ጃፓንኛ ነው፣ የሚያዳምጠው ምን እንደሆነ እንጃ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

አስረዳሁት። ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፣ ጓደኛሞች። የስዕል ታሪክ፣ ማንጋ የሚሉትን፣ ሠርተው ለመጽሔት ማድረስ ይፈልጋሉ። በሳምንት ሃያ ገጽ። አንድ ሽማግሌ ረዳት አላቸው፣ ዝናብና የቤት ጣሪያ ብቻ የሚስል።

አባ ሌላውን ሁሉ ዝም ብሎ አየና ሽማግሌው ብዕሩን ሲያነሳ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

"አየሽ? ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አላሳረፈም። ዝናብ እንዲያ ነው የሚሳለው። ይሄን የሠራ ሰው ሠርቶ ያውቃል።"

ስንት ጊዜ ሆነው እንዲህ ካወራ? እማ ከኩሽና ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አባ ስለ ክርኑ ያለውን ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። የሆሳዕና አኒሜ ወዳጆች፣ ስልሳ አንድ አባል፣ አድሚኗ እኔ። አርባ ሁለት ላይክ! ዘርአብሩክ ግን እንደ ልማዱ፦ "ሽማግሌው ሥራ እያጓተተ ነው። ታብሌት እያለ በቀለም ይጨማለቃል።" ዘርአብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ የማያጣጥለው ነገር የለም። ለአባ አነበብኩለት። ሳቀና "ግሩፑ ውስጥ አስገቢኝ፣ እኔ ራሴ እመልስለታለሁ" አለ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

አባ መጻፍ ይሰለቸዋል፣ ቮይስ ነው የሚልከው። የዛሬው አራት ደቂቃ ከሃያ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሰላምታ ብቻ። "ጤና ይስጥልኝ የዚህ ግሩፕ ቤተሰቦች፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ የቦኖሻ ልጆች መንገዱ እንዴት ሆነላችሁ…" እኔ በሐፍረት ልሞት። ልጆቹ ግን ወደዱት። "ጋሼ፣ የቅዳሜውን ክፍል እንዴት አዩት?" እያሉ በየቀኑ ይጠይቁታል። ዘርአብሩክ ሳይቀር!

ለአባ ሁለቱ ልጆች ጉዳዩ አይደሉም። "ታሪኩ የሽማግሌው ነው፣ ልጆቹ አጃቢ ናቸው" ይላል። እንዲህ የሚል ተመልካች በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ክፍል አሥራ ሦስት። ልጆቹ ኮምፒውተር ገዙና ሽማግሌውን አሰናበቱት። ብዕሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

አባ ማዳመጫውን አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። "ትክክል ናቸው። ይፈጥናል" አለ። ገብቶ ተኛ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

አንብቦታል። እንዴት ረሳሁት?

ቤት ተቀምጦ ሲውል ግሩፑን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየሄደ ከመጀመሪያው አንብቦታል። ግንቦት ላይ፣ እሱ ሳይገባ፣ ስለ ክፍል አራት የጻፍኩትን አገኘው። ራት ላይ ቃል በቃል አለልኝ። "'ማሽን በደቂቃ የሚሠራውን ሦስት ቀን የሚፈጅ ሰው ያሳዝናል እንጂ አያስፈልግም።' ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። አጭር ነው።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለ ካርቱን ነው የጻፍኩት አባ፣ ስለ ካርቱኑ… ልለው ነበር። እማ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየች ውሃ ቀዳች።

እውነት ስለ ካርቱኑ ብቻ ነበር? ያን ሰሞን ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ራሴን ሳሳምን አልነበረም?

ሐምሌ 15

አባ ከግሩፑ ወጣ።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

የቦኖሻዋ ዮዲት ግሩፑ ላይ ሐሳብ አመጣች። እያንዳንዱ አባል ለመስከረሙ ያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ የራሱን ማንጋ ይሥራ። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳሰላስል ዋልኩ። እኔ መጻፍ እንጂ መሳል አልችልም። የሚችለው ሰው ደግሞ ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ዘግቷቸዋል።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ጻፍኩት። አምስት ስዕል፣ አንድም ቃል የለበትም። አንደኛ፣ ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ታፔላ ስታወርድ። ሁለተኛ፣ አባት ባዶ እጁን ደጃፍ ላይ። ሦስተኛ፣ ልጅ ለአባት ብሩሽ ስትሰጥ። አራተኛ፣ አብረው ሲስሉ። አምስተኛ፣ ታፔላው ተሰቅሎ ሰው ሲያየው።

ለአባ ሰጠሁት። በቃል ማለት ያቃተኝን በዚህ ማለቴ ነው። ፈሪ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ሁለቴ አነበበው። "የማን ቤት ታፔላ ነው?"

"የማንም አይደለም። ታሪክ ነው።"

"እጄ ደርቋል" አለና መለሰልኝ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጓሮ በኩል አኳራጅ ሸተተኝ። የቀለም ማቅጠኛው! ሮጬ ዞርኩ። ሳይነግረን ቀድሞን ተመልሶ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ብሩሾቹን አንድ በአንድ ያጥባል። ቀና አላለም።

"ወረቀት ላይ አልስልም። ትንሽ ነው። ትልቅ ነገር አምጪ።"

ነሐሴ 12

የተበላሸ ባነር እንድወስድ ጋሽ ብሩን ለመንኩት። ሰጠኝ። ፊቱ የሰው ሠርግ ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነጭ፣ ለአምስት ይቆረጣል። አባ በጣቱ ዳሰሰውና "ለካ ይሄም ቀለም ይይዛል" አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ተጣላን። ግን ደስ የሚል ጠብ ነው፣ የሥራ ጠብ።

እኔ፦ ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ስንደረድረው አንደኛው በቀኝ ጫፍ ይሁን። ግሩፑም በአንድ ድምፅ ከኔ ጋር ነው። ዘርአብሩክ "ከግራ ከጀመረ ማንጋ አይባልም፣ ማስታወቂያ ነው" ብሏል።

አባ፦ "ሠላሳ አራት ዓመት ለዚህ ከተማ ሰው ስስል ኖሬያለሁ። ከግራ ነው የሚያየው። ጃፓን ያለ መሰለሽ?"

"ፍልስፍናው ነው፣ አባ።"

"እሺ። አዛዥ አንቺ ነሽ።" ይሄን ሲል የግራ ትከሻው እንደ ወትሮው ዝቅ ብሏል። ያን ሁሉ ዓመት የቀለም ቦርሳ ያንጠለጠለበት ትከሻ ነው፣ ባዶውን ሲሄድም አይቃናም።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ክፍል። መጽሔቱ ተዘጋ። ልጆቹ የመጨረሻዋን ገጽ ይዘው ሽማግሌው ቤት ሄዱ። ዝናቡን እሱ ሳለላቸው። አለቀ።

ግሩፑ ውስጥ ጦርነት ነው። ግማሹ "ተንዛዛ"፣ ግማሹ "አልቅሻለሁ"። አባን ምን ተሰማህ አልኩት። "በመጨረሻ እንኳ ክርኑን አላሳረፈም" አለ። ዓይኑ ግን ረጥቦ ነበር፣ አይቻለሁ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

የመሰላሉን ስዕል ለመጨረሻ አስቀርቶት ነበር። ዛሬ ሥራ ቦታ ሳለሁ ጨርሶታል። ታፔላዋ ላይ ያቺው ባለ ሹሩባ ሴት ናት! የማንም አይደለም ብዬው አልነበር? ግን የሚወዳት ሥራው ናት፣ ትዝ ብላው ይሆናል… መንገዱን በሰው ሞልቶታል። ባጃጅ፣ አህያ፣ ሸንኮራ ሻጭ፣ ማዶ መንገደኛ። እንዴት ያምራል!

መስከረም 16፣ ዓርብ

እማ የያሆዴውን አታካና፣ የቡላና የቅቤ ምግቡን፣ ታማስላለች፣ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። በየዓመቱ የምትጠይቀውን ጠየቀች። "ቂም የያዘ ሰው ነገ ከዚህ አይቀምስም። አለ?"

አባ "የለም" አለ፣ ወዲያው።

እኔም የለም አልኩ። ቂምስ የለኝም። የደበቅኩት ነገር ቂም ይባላል?

መስከረም 17፣ ቅዳሜ። ያሆዴ

ከጠዋቱ ጀምሬ ልጻፈው።

አምስቱን በቆርቆሮ አጥራችን ላይ ደረደርናቸው። መሰላሉ በቀኝ ጫፍ። ከየት እንደሚጀመር ቀስት ላድርግ ብዬ ነበር፣ ማንጋ ላይ ቀስት የለም ብዬ ተውኩት። ደደብ!

በዓል ነው፣ ሰው ከቤት ቤት ይዞራል። ሁሉም ቆመ። ሁሉም ከግራ ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ ፋንታዬ ጮክ ብላ ታነበው ጀመር። "ይኸው ታፔላው ተሰቅሏል፣ ሰው ያደንቃል። ይኸው አባትና ልጅ አብረው ይስላሉ፣ ደስ ሲሉ! እዚህ ብሩሹን ተቀበለችው። ውይ፣ እዚህ ባዶ እጁን ቀረ። እና… እንዴ! ልጅቷ አወረደችበት? በገዛ አባቷ?"

"እትዬ፣ ከዚያ ነው የሚጀመረው፣ ከቀኝ ነው!" ማን ሰምቶኝ። ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ነው። ይባስ ብሎ ብርቅዬ የበዓል ልብሷን ለብሳ ደረሰች። "የኔ ታፔላ ናት እኮ! አዎ፣ በሰኔ ሰሎሜ ናት ያወረደችልኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። አባ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እትዬ ፋንታዬ ግን ከመጨረሻዋ ስዕል አልተነሳችም። ለኔ የመጀመሪያዋ፣ ለእነሱ የመጨረሻዋ። ስዕሏ ላይ አጎንብሳ "ይሄ ማዶ የቆመው ሰውዬስ?" አለች። "ጃንጥላውን አጥፎ ይዞ ዝናብ ይመታዋል። ምን ሆኖ ነው?"

ጠጋ አልኩ። አውራ ጣት የምታክል ምስል ናት። ያ መንገደኛ ብዬ ያለፍኩት። መንገደኛ አይደለም፣ አይራመድም፣ ቀና ብሎ መሰላሉን ያያል። የግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል።

ሰው ተበታትኖ ብቻችንን እስክንቀር ጠበቅኩ። ከዚያ "አይተኸኝ ነበር?" አልኩት።

"ሚስማር ልገዛ ወጥቼ ነበር። መሰላሉን ጭቃ ላይ ነው ያቆምሽው፣ የሚይዝልሽም የለም። ብጠራሽ ደንግጠሽ ትወድቂያለሽ። እስክትወርጂ ቆምኩ።"

"ጃንጥላውስ?"

"ከዘረጋሁት ላይ ላዩ አይታየኝም።"

"ታፔላህን እያወረድኩ እኮ ነበር፣ አባ።"

"አየሁ እኮ። ግን ላሜራ ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም።"

አለቀስኩ። አጥሩን ይዤ፣ በበዓል ልብሴ፣ እንደ ሕፃን። ከባነር ጥቅሉ ጀርባ እንደደበቅኳት ነገርኩት። ግንቦት ላይ የጻፍኩትን አስተያየት ልሰርዘው አልኩት። "ተይው" አለ። "ያኔ ያሰብሽው ነው። ከሥሩ ሌላ ጻፊበት።"

ጻፍኩበት። "ተሳስቻለሁ። ያስፈልጋል።" አጭር ነው።

መስከረም 20

አባ ግሩፑ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ። ዘርአብሩክ ቅዳሜ መጥቶ ብሩሽ አያያዝ ማየት ይችል እንደሆነ ጠይቋል። አባ ለጊዜው እያስለመነው ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የብርቅዬ ባነር በክረምቱ ነጥቶ፣ አንዱ ጥግ በንፋስ ተቀዶ አጥሯን እየደበደበ ነበር። ራሷ መጣች። "ያቺ ባለ ሹሩባ ልጅ አለች?" አለች። አለች አልናት።

ፊቷን አባ አደሰው። "ፀጉር ቤት" የሚለውን ግን እኔን አጻፈኝ። ክርኔን ሳላሳርፍ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ የጋሽ ብሩ ማሽን በደቂቃ ያወጣዋል። የኔ "ፀ" ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ላስተካክላት ስል አባ እጄን ያዘኝ። "ተያት፣ የቤተሰብ ነው።"

ከሰዓት ልንሰቅላት ሄድን። ማካፋት ጀመረ። አባ ጃንጥላውን አጥፎ ለብርቅዬ ሰጣት፣ መሰላሉን ደረቅ መሬት ፈልጎ አቆመው። ወጣሁ። ሚስማሩን እየመታሁ እንደ ልማድ ማዶውን አየሁ። ማንም አልነበረም። ወደ ታች ሳይ በሁለት እጁ መሰላሉን ይዟል።