በድሮው መደብ የበቀለው አበባ

ይድረስ ለልጄ ለምንትዋብ። ከተለየሽን ጀምሮ ኮምቦልቻ እንደምን ከረመችልሽ? እኔ አባትሽ ኪዳኑ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ቃሌን የምትጽፍልኝ ጓዳውን የተከራየችው መምህርት ሰርክአዲስ ናት።

አንቺ በድንጋይ የከበብሽው የአበባ መደብ ስድስት ዓመት ባዶውን ከርሞ ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ተክል አበቀለ። ምንነቱን የሚያውቅ ጠፋ። ጎረቤታችን ደግሰው አረም ነው ብሎ ሊነቅለው ነበር። ሰርክአዲስ ፎቶ ብታነሳው ስልኳ ሦስት ስም አወጣለት። እኔ ቅጠሉን በጣቴ አሽቼ አሸተትሁት። ከወልድያ በቆርቆሮ ያመጣሽው፣ ደረቀ ብለን የተውነው ያ ጠጉራም ቅጠል ነው። ዓይናማ ነኝ ባዩ ሁሉ ያላወቀውን እኔ አወቅሁት!

በአበባው ግን ተጣላን። ደግሰው እንደ በርበሬ የቀላ ነው ይላል። እኔ አመድማ ነው አልሁት።

«ኧረ አያ ኪዳኑ፣ ነገ ሆስፒታል ልውሰድዎ» አለኝ።

«ለአበባ ሐኪም ምን ይሠራል? ውጣ ከግቢዬ!» አልሁት።

ሰርክአዲስን ብጠይቃት «ቀይ ነው አባባ» ብላ ዝም አለች። እንዲህ ያለ ዝምታ አልወድም።

ሥራ ከያዘሽ አትምጪ፤ ሰው ለምኜ አላውቅም። ከመጣሽ ግን አበባው ሳይረግፍ ይሁን። በሩ ላይ ስትደርሺም ስምሽን ጠርተሽ ግቢ፤ ዝም ብለሽ ፊቴ እንዳትቆሚ። ውሻው አዲስ ስለሆነ ነው።

እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ።

አባትሽ ኪዳኑ፣ ከሰቆጣ