አፌ ያባረረው አስተማሪ

ጥቅምት 12

ዛሬም ልነሳ ስል ጉልበቴ ዴስኩ ሥር ተቀረቀረ። ቀን ልጆች የሚማሩበት ዴስክ ነው፤ ማታ እኛ ጎልማሶቹ እንታጨቅበታለን። አጠገቤ የሚቀመጠው የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳቁን አፍኖ፣ "እቴ ቀስ! ዴስኩን ለብሰሽው ልትሄጂ ነው" አለኝ። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ውዬ እግሬ ደንዝዟል።

ግን ደስ ይላል። ዘጠነኛ ክፍል! በአርባ ዓመቴ! ያኔ በልጅነቴ ዘጠነኛ እንደገባሁ አክስቴ ደብተሬን ነጥቃ፣ "ሴት ልጅ ስሟን ከጻፈች ምን ጎደላት?" ብላ መጋረጃ ቤት አስገባችኝ። ወንድሜ ትምህርቱን ቀጠለ። ዛሬ ቢሮ አለው፣ ጸሐፊ አለችው። እኔ ምን አለኝ? ምላስ። ያገኘሁትን ጋዜጣ ሁሉ እያነበብኩ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ የሳልኩት ምላስ። "የሷ ምላስ ጤፍ ይቆላል" ይሉኛል። ይቁላ! ሌላ ምን ተዉልኝ?

ጥቅምት 19

የሒሳብ አስተማሪው ልጅ እግር ነው። ቀን ሕፃናት ያስተምራል፣ ማታ እኛን። ይንተባተባል። ሰሌዳውን እንጂ እኛን አያይም። ይሄ ነው እንግዲህ ለእኛ የተረፈን...

ዘበኛው ግን ይወደዋል። "ቀስ ይላላ! ለእንደኔ ዓይነቱ ደንቆሮ ቀስ የሚል ነው መድኃኒቱ።" ዘንድሮ ዘጠነኛን ካለፈ የጥበቃ ኃላፊ ሊያደርጉት ቃል ገብተውለታል። የማታ ተረኛነቱን ከጓደኛው ጋር እየተቀያየረ ነው የሚመጣው።

ኅዳር 3

ዛሬ አሳየሁት!

ፐርሰንት ነበር። "ሦስት መቶ ላይ አሥር ፐርሰንት ጨምራችሁ፣ ከተገኘው ላይ አሥር ፐርሰንት ብትቀንሱ ሦስት መቶ አይመጣም" አለ።

እጄን እንኳ አላወጣሁም። "እንዴት አይመጣም? ጨርቅ ሲታጠብ ከአሥር አንድ እጁ ያጥራል። ሦስት ሜትር መጋረጃ ስቆርጥ ከአሥር አንድ እጨምራለሁ። ታጥቦ ልኩ ይመጣል። ዕድሜዬን የበላሁበት ሥራ ነው!"

"እ... እሱ... የተ... የተጨመረውም..."

"አንተ ለመሆኑ ጨርቅ ቆርጠህ ታውቃለህ? ወይስ እናትህ ናት የምትቆርጥልህ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ንገሪው!" አለ አንዱ ከኋላ። ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳ፣ የጻፈውን አጠፋ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ወጣ።

አስተማሪን አንተ አልኩት... ይሁን። ምነው ወንድሜ ባየኝ!

ዘበኛው ግን አልሳቀም። ለምን?

ኅዳር 5

አልመጣም።

ኅዳር 10

ዛሬም የለም። የማታው አስተባባሪ በር ላይ ቆሞ፣ "አስተማሪያችሁ የማታውን ትቷል። ሌላ የሒሳብ ሰው ካላገኘሁ ክፍሉን እዘጋዋለሁ" አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያ "ንገሪው" ያለው ሰውዬ ራሱ፣ "እሷ ናት ያባረረችው" አይልም? ወይ ሰው!

ስንወጣ ዘበኛው፣ "እቴ፣ መናገሩንስ ታውቂበታለሽ። ግን አንቺ ስታሸንፊ እኛ ምን አገኘን?" አለኝ።

ነጠላዬን ተከናንቤ ቀድሜው ሄድኩ። እኔ!

ኅዳር 16

አንዲት ደንበኛ ታጥቦ ያጠረ መጋረጃ ይዛ መጣች። "እዪው! ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ቀሚስ መስሏል።" እንደ ልማዴ፣ "ጨርቅ ነጋዴው ሌባ ነው፣ እኔ ምን ላድርግሽ?" ልል አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ሜትሩን ዘረጋሁ። ሦስት ሴንቲ ጎድሏል። ከዚህ በፊት የመለሱብኝስ? ያም ሦስት ሴንቲ አልነበረም እንዴ?

የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩ። ሦስት ሜትር። ሠላሳ ሴንቲ ጨመርኩ። ሲታጠብ ግን የሚያጥረው ሦስት ሜትሩ ብቻ አይደለም። የጨመርኩት ሠላሳ ሴንቲም አብሮ ያጥራል፤ ሦስት ሴንቲ!

"የተጨመረውም..." ብሎ ጀምሮ ነበር እኮ። አላስጨረስኩትም። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው።

ስንት ዓመት ያን ምስኪን ነጋዴ ሌባ ስል ኖርኩ?

ኅዳር 18

ከሥራ አስፈቅጄ አስተማሪው ቀን ወደሚያስተምርበት ሄድኩ። ሕፃናት ግራና ቀኝ እጁን እየጎተቱት ወጣ። ከነሱ ጋር ሲያወራ አይንተባተብም። እኔን ሲያይ ቀጥ አለ።

"ቲቸር፣ ልክ እርስዎ ነበሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ልክ እንደነበርኩማ አውቃለሁ እትዬ።"

"ታዲያ ይመለሱልና! እግርዎ ላይ ልውደቅ?"

"ኧረ በፍጹም! ይቅርታዎንም ተቀብያለሁ። ግን... ሲ... ሲስቁ የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ሁለተኛ አልቆምም።" ሕፃናቱ ጎትተው ወሰዱት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ ይሄን ነው። ይቅር ተባልኩ። ታዲያ ለምን አልቀለለኝም?

ኅዳር 23

በባዶው የሒሳብ ሰዓት ክፍሉ ፊት ወጣሁ። "እሱ ልክ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ላሳያችሁ" አልኩና ጠመኔ አነሳሁ። ሦስት መቶ ብዬ ጻፍኩ።

ያው ሰውዬ ከኋላ፣ "አሁን ደሞ ቲቸር ሆና አረፈችው!" አለ። ሁሉም ሳቁ።

ቀጥሎ ምን ነበር? ጠዋት እንኳ እየቆረጥኩ በቃሌ ስለው የነበረው... ጠፋ። አፌ፣ ይሄ አፌ፣ ደረቀ። እንዲህ ነው የሆነው እሱም?

ዘበኛውን በዓይኔ ፈለግሁት። ቦታው ባዶ ነው።

ታኅሣሥ 2

ክፍሉ ተዘጋ። ከዘጠነኛ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣሁ። ያኔ በአክስቴ አሳበብኩ። አሁን በማን ላሳብብ?

መስከረም 27

የማታው ተከፍቷል አሉ፤ ተመዘገብኩ። አዲሷ አስተማሪ ፈጣን ናት። "ገባችሁ?" ስትል ሁሉም "አዎ"። "አልገባኝም" አልኩ። ደገመችው። እንደገና "አልገባኝም" አልኩ። ከዚህ ቃል ጋር በዕድሜዬ ተዋውቀን አናውቅም።

ከአምናዎቹ የመጣነው ግማሽ አንሞላም። ዘበኛው የለም።

ጥቅምት 6

የሆስፒታሉን መስኮቶች ልለካ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው።

"ቦርሳሽን ክፈቺ እቴ። ደህና ነሽ?"

"ክፍሉ ተከፍቷል እኮ! አትመጣም እንዴ?"

"ምን ሊረባኝ? ኃላፊነቱን ለሌላ ሰጡት። የዘጠነኛ ወረቀት አምጣ አሉኝ፤ ከየት ላምጣ?" ሜትሬን፣ መቀሴን፣ ጠመኔዬን አንድ በአንድ እያነሳ አየ።

አዲሱ ኃላፊ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተንጋሏል። በዕድሜ የዘበኛው ልጅ የሚሆን ጎረምሳ። "አንተ! ወሬህን ተውና ሰው አሳልፍ!" ብሎ ጮኸበት።

"እሺ ጌታዬ" አለ ዘበኛው።

ምላሴ ጫፍ ላይ ስንቱ መጣ! ያን ጎረምሳ ከነወንበሩ የሚገለብጥ ቃል ነበረኝ። ግን እኔ ተናግሬ እሄዳለሁ። እሱ እዚያው በር ላይ ከጎረምሳው ጋር ይቀራል።

ቦርሳዬን ዘግቼ ገባሁ።