ናቲ አላውቃትም ያለ ቀን

ማክሰኞ፣ ጁን 24 2025

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ግን ዛሬ ከቴኒስ ሜዳ አስወጡኝ። ወንድሜ ናቲ እያንዳንዱን ዙር ማን እንደሚያሸንፍ እየገመተ ስልኩ ላይ ውርርድ ይገዛል፣ ይሸጣል። በስልክ የሚታየው ጨዋታ ከሜዳው ጥቂት ሰከንድ ስለሚዘገይ፣ እኔ ከተመልካቹ መሀል ሆኜ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ቴክስት አደርግለታለሁ። እሱ ውጪ ካፌው ጋ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጥበቃው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ከሜዳ ውስጥ ነጥብ መላክ ክልክል መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት። ይዞኝ ወጥቶ ካፌው ጋ ስንደርስ "ከማን ጋር ነው የመጣሽው?" አለኝ። ወደ ናቲ ጠቆምኩ። ናቲ ቀና እንኳን ሳይል "ሶሪ፣ አላውቃትም" አለ። መልካችን አንድ ነው እኮ።

ወደ ሰፈራችን ዊልስደን ስንመለስ ባስ ላይ ይስቃል። "ሚጢዬ፣ ሁለታችንም ብንያዝ ይሻል ነበር? ነገ ሌላ ሜዳ እንሄዳለን። አንቺን እንደሆነ ማንም ልብ አይልሽም።"

እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ዝም ስል እሺ ያልኩ ይመስለዋል። 

ነገ ጠዋት ሊቀሰቅሰኝ ሲመጣ አልሄድም እለዋለሁ። ከዚያ እሱ እዚያው ቆሞ እየሰማ ለእማዬ ሁሉንም እነግራታለሁ።