የወይዘሮ ሺላ ዱባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ሆልምሊያ

ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሺላ በር ላይ ጠበቁኝ። ሂንዱ ናቸው፤ ዛሬ እናት እያሉ የሚያመልኳት የካሊ በዓል ነው። ሥርዓቱን ይመሩ የነበሩት ባላቸው አምና አረፉ። አንድ ልጃቸው ደግሞ ካንሰር ይዞት ሆስፒታል ተኝቷል። «ብቻዬን ፈራሁ፤ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉኝ በኖርዌይኛ። እንቢ ማለት አቃተኝ።

ሳሎናቸው ውስጥ የካሊ ምስል ቆሟል፤ ጥቁር ሴት፣ ምላሷን ያወጣች፣ አንገቷ ላይ የራስ ቅል የደረደረች። እኔ በሆዴ እመቤቴን እየጠራሁ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እሳቸው በቀይ ዱቄት ሦስት ማዕዘን ሣሉ፣ ቀይ አበባ አኖሩ፣ ከባላቸው የተማሩትን ቃል በለሆሳስ ደጋገሙ። በመጨረሻ በፍየል ፈንታ የሚታረደውን ዱባ አቀረቡ። ቢላዋው ግን ጠንካራው ዱባ ላይ ተንሸራተተ።

«ቁረጪልኝ» አሉኝ።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አይሆንልኝም።»

«ያ፣ አዎ፣ አውቃለሁ» አሉና እንደገና ሞከሩ። ጣታቸውን ሊቆርጡ ነበር። ተነሥቼ እጃቸውን በእጄ ይዤ ተጫንኩት። ዱባው ለሁለት ተከፈለ።

ስወጣ፣ «አይዞዎት፣ ካሊ ልጅዎን ታድንልዎታለች» አልኳቸው።

«ኔይ፣ አይደለም» አሉኝ። «ሥቃዩ ይበቃዋል፤ ዛሬውኑ ውሰጂልኝ ብዬ ነው የለመንኳት። እናት አይደለች? ይገባታል።»

ቤቴ ገባሁ። እራትም አልበላሁ። በእመቤቴ ሥዕል ፊት ቆሜ ለልጁ ምሕረት ልለምን አፌን ከፈትኩ፤ እናቱ ያሉት ትዝ አለኝና አማትቤ ብቻ ተመለስኩ። ነገ ሳገኛቸው «እንዴት አደረ?» ማለቴ አይቀርም። የትኛውን መልስ መስማት እንደምፈልግ ግን አላውቅም።